ኩስኩሱን በሲኒ ይስፈሩት

ጥያቄው የመጣው አራት ኪሎ ከሚሠሩ እናት ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«54 ዓመቴ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለብኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ምሳ ቋጥሬ ነው ቢሮ የምሄደው። ፈረንሳይ ያለችው ልጄ ለእረፍት ስትመጣ አምስት ፓኬት ኩስኩስና አንድ ከረጢት ዘቢብ ይዛልኝ መጣች። ‹እማ፣ ይሄ እህል ነው፤ እዚያ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ይበሉታል› አለችኝ። ደስ ብሎኝ በካሮትና በድንች ሠርቼ አራት ቀን በላሁት። ከምሳ በፊት 134 የነበረው ስኳሬ ከሁለት ሰዓት በኋላ 262 ገባ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ነጭ ነገር ሁሉ ይቅርብሽ፣ ጥቁር ጤፍ ብቻ ብዪ› ትለኛለች። ማንን ልስማ? ኩስኩሱንስ ልጣለው?»

እትዬ፣ አይጣሉት። ኩስኩስ ስኳር ላለበት ሰው የተከለከለ ምግብ አይደለም። ልጅዎም ጎረቤትዎም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ሁለቱም የሳቱት ግን አንድ ነገር ነው። ስንት እንደበሉ አልጠየቁዎትም። እኔ መልሼ ስጠይቅዎ የምሳዎን ፎቶ ላኩልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ጎድጓዳ ሳህን፣ እስከ አፉ የሞላ ኩስኩስ። ላዩ ላይ ድንች። ጎኑ ላይ በትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ።

መጀመሪያ «እህል ነው» የሚለውን እናጥራ። ኩስኩስ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ማሽላ ከማሳ የሚታጨድ አይደለም። ኩስኩስ የሚባል ተክል የለም። የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ነው፤ ፓስታና መኮሮኒ ከሚሠሩበት ከዚያው ከጠንካራው ስንዴ። ስንዴው ሸካራ ተደርጎ ይፈጫል፤ ሰሞሊና የሚባለው እሱ ነው። በሰሜን አፍሪካ ሴቶች ሰሞሊናውን ሰፊ ገበታ ላይ ያደርጉና ውኃ እየረጩ በመዳፋቸው ያንከባልሉታል። በወንፊት ይነፉታል። ከዚያ ወጡ ከሚንተከተክበት ድስት አናት ላይ፣ ቂጡ በተበሳሳ ዕቃ አድርገው በእንፋሎት ያበስሉታል። ይህን ሙያ አልጄሪያ፣ ሞሪታንያ፣ ሞሮኮና ቱኒዝያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በ2020 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

እርስዎ እጅ የገባው ፓኬት ግን በፋብሪካ ተንከባልሎ፣ በእንፋሎት በስሎ፣ ደርቆ የታሸገ ነው። የፈላ ውኃ ፈሶበት አምስት ደቂቃ ተከድኖ ሲቆይ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ድርቆሽን ያስቡ። እንጀራው አንዴ በስሏል፣ ደርቋል፣ እኛ የምናደርገው ማራስ ብቻ ነው። ኩስኩስም የስንዴ ድርቆሽ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የሰሜን አፍሪካ እናቶች ቢሰሙኝ ግን ይቀየሙኛል።

ስንዴው ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዱረም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. እዚህ ድረስ መጥቶ የስንዴ ዘር ሰብስቧል። ከርዕሴ ወጣሁ፤ ግን «የፈረንጅ ምግብ ነው» ብሎ የሚፈራውም ሆነ «የፈረንጅ ምግብ ነው» ብሎ የሚያመልከው ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ «እህል ነው» ስትልዎ፣ ትክክለኛው ትርጉም «ደቃቃ ፓስታ ነው» ማለት ነው። አንድ ትሪ መኮሮኒ ፊቱ አስቀምጦ «እህል ነው፣ ምንም አያደርገኝም» የሚል ታካሚ አላጋጠመኝም። መኮሮኒን ሰው ያውቀዋል። ኩስኩስ ግን ቂንጬ ስለሚመስል ያታልላል። ቂንጬ የተሰነጠቀ ስንዴ ነው፤ ፍሬው ሽፋኑን በከፊል እንደያዘ ነው። የተለመደው ኩስኩስ ፉርሽካው ወጥቶለታል። መልክ ብቻ ነው ያገናኛቸው።

አሁን ወደ ስኳሩ። አይጣፍጥም፤ ታዲያ ስኳር ከየት አመጣ ትሉኝ ይሆናል። ስታርች ማለት እርስ በርሱ ተያይዞ የተሰለፈ ግሉኮስ ነው። ምላሳችን ሰልፉን አይቀምሰውም። ምራቅና አንጀት ግን ይበትኑታል። አንዴ ከተበተነ በኋላ ደምዎ ውስጥ የገባው ግሉኮስ ከኩስኩስ ይምጣ ከከረሜላ ልዩነት የለውም። የሚለያዩት በፍጥነትና በብዛት ነው።

ለፍጥነቱ መለኪያ አለው፤ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ይባላል። 50 ግራም ካርቦሃይድሬት (ስታርችና ስኳር) የያዘ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያነሳ ከንጹሕ ግሉኮስ ጋር ይወዳደራል፤ ግሉኮሱ 100 ነው። ነጭ ዳቦ 75 አካባቢ ይመጣል። ነጭ ሩዝ 73። ኩስኩስ 65። ስፓጌቲ 49። ምስር 32፣ ሽምብራ 28።

ኩስኩስና ስፓጌቲን ልብ ብለው ይዩአቸው። ስንዴያቸው አንድ ነው፤ ቁጥራቸው ግን ተራራቀ። ምክንያቱ አሠራራቸው ላይ ነው። የፓስታ ሊጥ በከባድ ግፊት ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ስታርቹ በስንዴው ፕሮቲን መረብ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ አንጀት ቀስ እያለ ነው የሚፈታው። ኩስኩስ ደቃቃና ላላ ያለ ነው። ሳይታኘክም ይዋጣል። አንጀት ሲደርስ ብዙ ሥራ አይጠብቀውም።

«እንግዲያው ፓስታ ልብላ» እንዳይሉኝ ግን። 49 የሚባለው ልክ ሲበስል ከምድጃው የወረደ፣ ጥርስ ላይ ትንሽ የሚታገል ፓስታ ነው። እዚህ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኬቱ «8 ደቂቃ» ያለው ፓስታ በእኛ ምድጃ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ጨምረን ጨምረን በማንኪያ እስኪቆረጥ እንቀቅለዋለን። ፓስታ በቀቀሉት ቁጥር መረቡ ይላላል፣ ብልጫውም ይቀንሳል። ፒያሳ ከጣሊያኖች ፓስታን ወረሰች እንጂ አቀቃቀሉን የወረሰችው አይመስለኝም።

እነዚህን ቁጥሮች አይናቁ፤ አያምልኳቸውም። ቁጥሩ የምግቡን ጠባይ ይናገራል። ሳህንዎ ላይ ስንት እንዳለ ግን አያውቅም። የእርስዎም ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፎቶዎ ከደረሰኝ በኋላ እሁድ ዕለት ወጥ ቤት ገባሁ። የእርስዎን የመሰለ ጎድጓዳ ሳህን አወጣሁ፤ አንድ ፓኬት ኩስኩስም ሠራሁ። መስፈሪያ ያደረግኩት የቡና ሲኒ ነው። በየቤቱ የማይጠፋ እሱ ነው። የእኔ ሲኒ እስከ አፉ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ሳልጠቀጥቅ የሞላሁት አንድ ሲኒ የተሠራ ኩስኩስ 50 ግራም አካባቢ መዘነ። በውስጡ ያለው ካርቦሃይድሬት 12 ግራም ገደማ ነው። ለታካሚዎች ስናስተምር ለጥንቃቄ 15 ብለን እንቆጥረዋለን። ማለትም አንድ ሲኒ ኩስኩስ፣ አንድ የካርቦሃይድሬት ድርሻ።

ያ ጎድጓዳ ሳህን ዘጠኝ ሲኒ በላ።

በወረቀት እናስላው። ዘጠኝ ሲኒ በትንሹ 108 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 135። መካከለኛ ድንች ብቻውን ወደ 30 ይጠጋል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ጁስ ቤቱ ስኳር ከጨመረበት ከዚያም ይበልጣል። ቢሮ ተቀምጣ ለምትሠራ፣ በእርስዎ ዕድሜ ላለች ሴት እኔ ለምሳ መነሻ የምሰጠው ከ30 እስከ 45 ግራም ነው። ጁሱ ብቻውን የምሳዎን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አልቀረው። ኩስኩሱ የመጣው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 262ቷን ኩስኩሱ ላይ ብቻ አናላክክ። የአራት ሰው ምሳ ነው የበሉት፤ ሳህኑ አንድ ስለሆነ አልታወቀዎትም።

ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አባት «ሩዝ ላቁም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቸኩዬ «ኩስኩስ ይሻልዎታል» ብዬ ሸኘኋቸው። ከሦስት ወር በኋላ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ጨምሮ መጡ። «ምን ይበሉ ነበር?» ስላቸው «ያዘዝከኝን! ጠዋትም ማታም ኩስኩስ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ የምግቡን ስም ነግሬያቸው ልኩን አልነገርኳቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሲኒ አለ። ሰው ሲያየው ቡና ልጋብዘው የፈለግኩ ይመስለዋል።

ስለዚህ የእርስዎ ልክ የተሠራ ሁለት ሲኒ ነው፤ ሲርብዎ ሦስት። ደረቁን ከሰፈሩት አንድ ሲኒ ደረቅ ኩስኩስ ሲያብጥ ሦስት ሲኒ ይሞላል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ለአንድ ሰው ደረቁ አንድ ሲኒ ሙሉ ምሳ ነው ማለት ነው። በጥሬው ሲያዩት ያሳዝናል። ውኃው ሲገባበት ያዩታል።

«ሁለት ሲኒ እንዴት ያጠግበኛል?» የሚለው ጥያቄ እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻውን አያጠግብም። እንዲያጠግብ የሚያደርገው ጎኑ ያለው ነገር ነው። ጎድጓዳውን ሳህን ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሱትና ዝርግ ሳህን ያውጡ፤ ከዳር እስከ ዳር 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ። ግማሹን ድንች የሌለበት አትክልት ይሙላው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ። ሩቡ ፕሮቲን ነው፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ዶሮ። ኩስኩሱ የቀረችውን ሩብ ይይዛል። ወጡ ከላይ ሲፈስበት ደግሞ ኩስኩስ መረቅ ይጠጣል፤ ሁለት ሲኒው ሦስት ይመስላል።

በጾም ጊዜ ኩስኩስ ችግር የለበትም። ስንዴና ውኃ ነው፤ እንቁላልም ወተትም የለውም። እኔ ራሴ ረቡዕና ዓርብ እንዲህ እሠራዋለሁ። ሽምብራውን ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋት እቀቅላለሁ። ቀይ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላልቼ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ እጨምራለሁ። ከዚያ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፤ ጎመኑ ሳይልም ሽምብራው ይገባል። በሌላ ዕቃ አንድ ሲኒ ደረቅ ኩስኩስ ላይ ከአንድ ሲኒ ትንሽ የሚበልጥ የፈላ ውኃ አፈሳለሁ፣ ከድኜ አምስት ደቂቃ እተወዋለሁ። በሹካ ፈታ ፈታ አደርገዋለሁ፤ በማንኪያ ካማሰሉት ገንፎ ይሆናል። አለቀ። ከፓኬቱ ጋር የቅመም ከረጢት ካለ ይተዉት። አብዛኛው ጨው ነው፤ ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም።

ካሮቱን አይፍሩት። ከተማው ውስጥ «ስኳር ያለበት ሰው ካሮትና ቀይ ሥር አይንካ» የሚል ወሬ አለ። ወጥ ውስጥ የገባች ካሮት የማንንም ስኳር አትሰቅልም። ድንቹ ግን ከኩስኩስ ጋር አብሮ አይግባ። ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አንዱ ከመጣ ሌላው ይነሳ።

ሲበሉ ደግሞ ከአትክልቱና ከሽምብራው ይጀምሩ። ኩስኩሱን ወደ መጨረሻ ያድርጉት። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ የስኳሩ አነሳስ ለዘብ እንደሚል ታይቷል። አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ዘዴ ነው። በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ለለመድነው ለእኛ ትንሽ ይከብዳል፤ ቢሮ ከምሳ ዕቃ ሲበሉ ግን ማን ያይዎታል?

ጎረቤትዎ ላይ ደግሞ ልምጣ። ጤፍን መውደዳቸው ልክ ነው። ሙሉ እህል ነው፤ ፉርሽካው አይወጣለትም፣ አሰር አለው። ግን «ጥቁር ስለሆነ የፈለግሽውን ያህል» የሚባል ነገር የለም። አንድ ሙሉ የምጣድ እንጀራ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ከአራት አምስት ሲኒ ኩስኩስ ያልፋል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን ሰርገኛ ይሁን ነጭ፣ ልኩ ይጠየቃል። ኩስኩስ ትቶ ሁለት ጥቁር እንጀራ የሚጠቀልል ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ኩስኩስ የሚበሉ ቀን እንጀራና ዳቦ አብረው አይቅረቡ። ምትክ ነው እንጂ ጭማሪ አይደለም።

ከኩስኩስና ከቂንጬ የትኛውን ትመርጣለህ ካሉኝ፣ እኔ ቂንጬን እመርጣለሁ። የገብስ ወይም የስንዴ ቂንጬ እዚሁ አለ፣ ከውጭ ከሚመጣ ኩስኩስ ይረክሳል፣ ሲታኘክም ጊዜ ይወስዳል። ቅቤው ላይ እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ እንጂ። ፓኬቱ ላይ «ካልተፈተገ ስንዴ» የሚል ኩስኩስ ካገኙም አሰሩ ስለሚበልጥ እሱን ይግዙ፤ በሲኒ መስፈሩ ግን እዚያም አይቀርም።

አሁን ልጅዎንና ጎረቤትዎን የሚያስታርቅ ነገር። የስኳር መለኪያው ቤትዎ አለ አይደል? ስትሪፕ (ደሙ የሚነካባት የመለኪያው ቁራጭ) ውድ ነው፤ ስለዚህ አናባክነው። ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ስትሪፕ። ማክሰኞ ሁለት ሲኒ ኩስኩስ እንዳልኩት ከአትክልትና ከሽምብራ ጋር ይብሉ። ከምሳ በፊት ይለኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረሱበት ደቂቃ ቆጥረው በሁለት ሰዓቱ ደግመው ይለኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ከጀመሩ ስምንት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሐሙስ ያንኑ ወጥ በግማሽ እንጀራ። ሁለቱን ልዩነቶች ያስተያዩ። የእኔ ሠንጠረዥ የሰው ሁሉ አማካይ ነው፤ ይህ ግን የእርስዎ አንጀትና የእርስዎ መድኃኒት የሰጡት መልስ ነው።

ለብዙ አዋቂዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ በኋላ ባለው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከ180 በታች ይፈለጋል። ሐኪምዎ ለእርስዎ ሌላ ቁጥር ከሰጡዎ የእሳቸውን ይያዙ።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ሰው ያስደነገጠች። ከመለካትዎ በፊት እጅዎን በውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብም ያድርቁ። ማንጎ ልጦ ወይም ብርቱካን ቆርሶ ሳይታጠብ ጣቱን የወጋ ሰው መለኪያው የፍሬውን ስኳር ጭምር ያነብበታል። አንዲት ታካሚዬ 310 አይታ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ታጥባ ደግማ ስትለካ 158። ጣቷ ላይ የነበረው ብርቱካን ነበር።

መድኃኒቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን አደገኛ ደረጃ ድረስ የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ እንዲያ አይደለም። ቆሽትዎን ገፍቶ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ምግብ ገባ አልገባ አይጠይቅም። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሲኒ የሚበሉ ሰው ነገ በድንገት ሁለት ሲኒ ቢበሉ፣ ወይም ኪኒኑን ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾሙ፣ ስኳርዎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ልኩን ከመቀነስዎ በፊት መድኃኒቱን ያዘዙልዎትን ሐኪም ያማክሩ፤ መጠኑ መስተካከል ይኖርበት ይሆናል። በራስዎ አይቀንሱ፣ አያቁሙም። ጾሙንም ለሐኪሙም ለንስሐ አባትዎም አስቀድመው ይንገሩ።

ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብዎ ከመታ፣ ዓይንዎ ከተጭበረበረ፣ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ስኳር አልባ ያልሆነውን። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ካልተነሳ ይድገሙት። በዚያ ሰዓት ኩስኩስም ዳቦም ቸኮሌትም አይሆንም፤ ይዘገያሉ። ጁስዎን የነቀፍኩት ሰውዬ ያን ጊዜ ጁስ እፈቅዳለሁ። መናገር ወይም መዋጥ ካቃተዎት ግን ማንም ሰው አፍዎ ውስጥ ምንም ነገር አይጨምር፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ይህን ቢሮ አጠገብዎ ለሚቀመጠው ሰው ይንገሩት። አፍሮ የደበቀ ታካሚ ነው የሚያስቸግረን።

ኩላሊትዎ ተነክቷል ተብለው ከሆነ ደግሞ ስለ ሽምብራውና ስለ ምስሩ ብዛት በተናጠል እንነጋገር፤ እዚህ የጻፍኩት ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ነው።

ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ አይመለሱ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይራመዱ። የተራመደ ጡንቻ ግሉኮሱን ከደም እየወሰደ ይጠቀምበታል። ድሮ አራት ኪሎ ለሚሠራ ሰው ይህን ስመክር ይሳቅብኝ ነበር፤ የእግረኛ መንገዱ ጉድጓድና ሱቅ ነበር። አሁን ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ሰፊ ነው። ሰባት ደቂቃ ወደዚያ፣ ስምንት ደቂቃ መልስ። መውረዱ ይቀላል፣ ሲመለሱ ትንሽ ያለከልካል። ጫማዎ የሚዘጋና የማይቆነጥጥ ይሁን። ማታ ሲያወልቁ ውስጥ እግርዎን ይዩት፤ ሰባት ዓመት ስኳር የኖረበት እግር ቁስሉን ላይናገር ይችላል።

የቀሩትን ፓኬቶች ሳይከፍቱ ያስቀምጡ። የከፈቱትን ክዳኑ ግጥም በሚል ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ይገልብጡት፣ አለበለዚያ ነቀዝ ይቀድምዎታል። ሲኒዋንም እዚያው ውስጥ ይተዋት፤ ሁልጊዜ በእሷ ይስፈሩ። ዘቢቡ ግን ሁለት የሾርባ ማንኪያው ብቻ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ስኳር ከሌለባቸው ለጎረቤትዎ ይስጧቸው፤ እሱ እንኳ ነጭ አይደለም።